ማሽኑ ይቅደም ወይስ መዝገቡ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሰራው አንድ ትንሽ የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ በዳታ ክፍል ነው፣ ክፍል ስላችሁ ሁለት ሰው ነን። በቅርቡ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የድጋፍ ብር ተገኘና አለቆቻችን የአይን ፎቶ አይቶ ስኳር በሽታ ያደረሰውን ጉዳት የሚለይ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) እንግዛ አሉ። መረጃችን ግማሹ ወረቀት ላይ ግማሹ ኤክሴል ላይ ነው። መጀመሪያ እሱን እናስተካክል ስል "አንቺ ወደኋላ ነው የምትጎትቺን" ተባልኩ። እውነት እየጎተትኩ ነው?

መልስ፦ ኧረ አልጎተትሽም እህቴ። ግን አለቆችሽንም አትቀየሚያቸው፣ ሀብታም ሆስፒታል ያለው ነገር ለኛም በሽተኛ ይድረሰው ማለታቸው ልክ ነው። ችግሩ ማሽኑ ብቻውን አይደርስለትም።

የታይላንዱን ልንገርሽ። ጎግል ልክ እናንተ የምትሉትን አይነት ሲስተም ሰርቶ እዛ 11 ክሊኒኮች ውስጥ ተሞክሮ ነበር፣ ተመራማሪዎቹ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙት። ላብራቶሪ ውስጥ ጎበዝ የተባለው ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ፎቶ የተማረው ፕሮግራም፣ ክሊኒክ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካየው 1,838 ፎቶ 21 በመቶውን "ጥራቱ አይበቃም" ብሎ መለሰው። ለምን ብትይ ነርሶቹ ፎቶ የሚያነሱበት ክፍል እንደሚፈለገው አይጨልምም። ኢንተርኔቱም ቀርፋፋ ነው፣ አንዱ ጋ ለሁለት ሰአት ሲጠፋ 200 ሰው ሊታይበት የታሰበው ቀን 100 ሰው ብቻ ታይቶበት መሸ። ያ ሁሉ እውቀት የተሰናከለው በክፍል ብርሀንና በኢንተርኔት ነው፣ ይሄን ደግሞ ቀድሞ ሊናገር የሚችለው እዛው ክፍል ውስጥ የምትሰራዋ ነርስ ነበረች።

ሌላው፣ ሞዴሉ የማንን በሽተኛ አይቶ ነው የተማረው? አሜሪካ ውስጥ እንኳን፣ ገንዘብ ባለበት አገር፣ በዛው በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የህክምና ምስል የሚያነቡ ሞዴሎች የሰለጠኑበት ዳታ በብዛት የመጣው ከካሊፎርኒያ፣ ከማሳቹሴትስና ከኒውዮርክ ነው፣ ከ34 ግዛቶች ምንም አልተወሰደም። እነዛ ቦታዎች በሽተኛ አጥተው አይደለም'ኮ፣ ዳታ የሚያዘጋጅ ሰው ስላልነበራቸው ይመስለኛል። ዳታ ያለው ተቋም ሞዴል ይሰራል፣ ሞዴሉም ለሱ በሽተኛ በደንብ ይሰራል፣ የሌለው ደግሞ የሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ይገዛል።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የደም ግፊት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አብሬ ተቀምጬ ነበር። የእድሜው ቦታ ላይ የተጻፈው 30፣ 40፣ 50 ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ በአስር በአስር የተወለደ ይመስል። ኃይሉ የሚባለው አንዱ ሰውዬ ደግሞ ሀይሉ፣ ሐይሉና ኃይሉ ሆኖ ሶስት ቦታ ሶስት በሽተኛ ሆኗል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ለሁለት ወር የግፊቱ ቦታ ባዶ ነው። አብሮኝ ያለው ልጅ "ግፊታቸው ደህና ስለሆነ አልተጻፈም ማለት ነው" ብሎ ኖርማል እያለ ሊሞላው ነበር፣ እዛው ጥግ ላይ ካርድ ክፍል የምትሰራ እናት ሰምታ "አይ ልጄ፣ ያኔ'ኮ መለኪያው ተበላሽቶ ነው" አለችን። ያቺ ሴትዮ ባትኖር የስንት ሰው ያልተለካ ግፊት ጤነኛ ተብሎ ተመዝግቦ ሞዴል ይማርበት ነበር። የዳታ አቅም ሲባል ለኔ መጀመሪያ የሚታየኝ እሷ ናት፣ ሰርቨሩ በኋላ ይመጣል።

ባዶ ቦታን ጤና አድርጎ ማንበብ ደግሞ የትንሽ ተቋም በሽታ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሄት ላይ የወጣ ጥናት የአሜሪካ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበትን አንድ ሲስተም መረመረ። ሲስተሙ ማን የበለጠ እርዳታ እንደሚፈልግ የሚገምተው ለህክምናው በሚወጣው ብር ነው፣ ለጥቁሮች ደግሞ ህመማቸው እኩል ሆኖ እያለ የሚወጣው ብር ያነሰ ስለነበር ደህና ናቸው ብሎ አለፋቸው። ስህተቱ ቢታረም ለተጨማሪ እርዳታ ከሚለዩት ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ይወጣ ነበር። ህክምና ያላገኘ ሰው ዳታው ላይ ጤነኛ ይመስላል፣ ይሄ ነገር እኔን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ ለአለቆችሽ "አንግዛ" አትበያቸው፣ "ቅደም ተከተል እናስይዘው" በያቸው። አንድ በሽታ ብቻ ምረጡ፣ ስኳር ከሆነ ስኳር፣ እና የሱን መዝገብ አጽዱ። ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም፣ የጤና መረጃ መመዝገቢያ ከሆኑት ውስጥ ዲኤችአይኤስ 2 (DHIS2) በነጻ ነው፣ ሬድካፕም (REDCap) ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ብሩን ሰው ላይ አውሉት፣ አንድ ሰው ብቻ እንዳታሰለጥኑ ግን፣ የሰለጠነው ሰው የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሲሄድ ሁሉም ነገር ፓስወርዱ ሳይቀር አብሮት ይሄዳል። ሁለት ሶስት ሆናችሁ ተማሩ፣ አንዷ ነርስ ትሁን። ሻጩንም ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ በሽተኞች ፎቶ ይሞከርልን በሉት፣ መልሱን ለህክምና ሳትጠቀሙበት ከሀኪማችሁ ውሳኔ ጋር ብቻ አስተያዩ። የድጋፉ ብር ሲያልቅ ፈቃዱን በየአመቱ ማን ይከፍላል የሚለውንም አሁኑኑ ጠይቁ፣ በራሳችሁ ፎቶ አይሞከርም የሚል ሻጭ ካለ ያው መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አብረን እንስራ ብሎ የበሽተኞቻችንን ዳታ ጠይቆናል። እኛ ሰርቨርም ባለሙያም የለንም። ዳታውን ብንሰጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መስጠቱ ሳይሆን ሰጥቶ መቅረቱ ነው ችግሩ። ዳታው ወጥቶ፣ ጥናቱ ታትሞ፣ እናንተ ከምስጋና መስመር ላይ ስማችሁን ስትፈልጉ አይቻለሁ። ከስነምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝና ስምና ስልክ ከዳታው ሳይሰረዝ ምንም እንዳይንቀሳቀስ፣ ይሄ የበሽተኞቹ መብት ነው። ከዛ ቀጥሎ ትንተናውን ከናንተ ልጆች ሁለቱ ከነሱ ጋር ቁጭ ብለው ይስሩ፣ የጸዳው ዳታና የተጻፈው ኮድ ወደናንተ ይመለስ፣ የጥናቱን ጥያቄ ሲመርጡም አብራችሁ ምረጡ በሉ። በጽሁፍ ይሁን ታዲያ፣ በቃል የተባለውን ሰው ሲቀየር የሚያስታውሰው የለም።

ጥያቄ፦ 23 አመት በነርስነት ሰርቻለሁ። ወጣቶቹ ስለ ኤአይ ሲያወሩ አይገባኝም፣ አሁን ብጀምር ይረፍድብኛል?

መልስ፦ አይረፍድብዎትም። ወጣቶቹ ኮዱን ያውቃሉ፣ ቁጥሩ ሲሳሳት ግን የሚነቁት እርስዎ ነዎት። ከኤክሴል ይጀምሩ፣ ከዛ ትንሽ ስታቲስቲክስ፣ ከዛ ዳታ መጠየቂያውን ኤስኪውኤል። መለማመጃ ካጡ ሚሚክ (MIMIC) የሚባል ከቦስተን አንድ ሆስፒታል የተወሰደ፣ የበሽተኞቹ ስም የተሰረዘበት የጽኑ ህሙማን ዳታ አለ፣ አጭር የስነምግባር ኮርስ ወስደውና ስምምነት ፈርመው በነጻ ያገኙታል። ሲከፍቱት መጀመሪያ ባዶ ቦታዎቹን ይዩና ለምን ባዶ ሆኑ ብለው ይጠይቁ።