ወረቀቱ «የለም» ይላል፣ ውሃው ግን ይሸታል

ጥያቄ፦ ቤታችን ከነዳጅ ማደያ ጀርባ ነው። ከክረምቱ ወዲህ የግቢያችን የጉድጓድ ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። በሃይላንድ ቀድተን ላቦራቶሪ ወሰድን፤ ውጤቱ «ዘይትና ቅባት፦ ከ5 ሚሊግራም በሊትር በታች» ይላል። እያፈላን ብንጠጣው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አይጠጡት፣ አያፍሉትም። ሲፈላ ቀላሎቹ የነዳጅ ክፍሎች ከድስቱ ወጥተው ማድ ቤቱን ይሞላሉ፤ ያልጠጡትን ይተነፍሱታል። ከባዶቹ እዚያው ይቀራሉ። ክሎሪን ቢጨምሩበትም ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅ አያወጣም።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በዘይትና ቅባት ምርመራ ውሃው በሄክሴን (ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ) ይታጠባል፣ ሄክሴኑ ይተናል፣ የቀረው ይመዘናል። ችግሩ ሄክሴኑ ሲተን ቤንዚንና የናፍጣው ቀላል ክፍል አብሮት መሄዱ ነው። ምርመራው ለሞተር ዘይትና ለምግብ ቅባት ደህና ነው፤ ለእናንተ ጉድጓድ ግን የተሳሳተ ምርመራ ነው።

ቁጥሩም አያጽናናም። በነዳጅ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አደገኛው ቤንዝን ነው፤ የደም ካንሰር ያመጣል (ስሙ ከቤንዚን ጋር ስለሚመሳሰል እዚህ ቤንዝን እያልን እንጽፈዋለን)። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን 10 ማይክሮግራም በሊትር ነው። «ከ5 ሚሊግራም በታች» ማለት እስከ 5,000 ማይክሮግራም ድረስ ምርመራው አያይም ማለት ነው፤ የሚፈቀደው 500 እጥፍ። በአፍንጫም አይተማመኑ፤ ቤንዝን ውሃ ውስጥ የሚሸተው ወደ 10 ሚሊግራም በሊትር ሲጠጋ ነው። አሁን የሚሸታችሁ ምናልባት ሌሎቹ የነዳጅ ክፍሎች ናቸው። ሽታው ቢጠፋም ውሃው ጸዳ ማለት አይደለም።

ላቦራቶሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቤንዝን፣ ቶሉን፣ ኢትልቤንዝንና ዛይሊን በጋዝ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትሪ (ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ ለይተው በሚለኩ መሣሪያዎች)፤ ለናፍጣው ደግሞ ከካርቦን 10 እስከ ካርቦን 40 ያለው (በሞለኪዩሉ ከ10 እስከ 40 የካርቦን አቶም የያዘው) ክፍል በጋዝ ክሮማቶግራፊ። ሁለተኛው ብቻውን አይበቃም፤ ቤንዝን 6 ካርቦን ብቻ ስላለው ከዚያ ክልል ውጭ ነው።

ናሙናው በሃይላንድ አይሂድ። ነዳጅ ወደ ፕላስቲክ ይገባል፣ ከፕላስቲክም ወደ ናሙናው የሚወጣ አለ። ለቀላሎቹ ክፍሎች ላቦራቶሪው 40 ሚሊሊትር የምትይዝ፣ ክዳኗ ቴፍሎን ያለው፣ ጥቂት ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተጨመረባት የመስታወት ብልቃጥ ይሰጣችኋል። አታለቅልቋት፤ አሲዱ ይደፋል። ውሃውን በግድግዳዋ በኩል ቀስ አድርገው እያፈሰሱ አፏ ላይ ጉብ እስኪል ይሙሉና ይክደኑ። ገልብጠው በጣት መታ መታ ያድርጓት። የአተር ፍሬ የሚያህል አረፋ ከታየ በሌላ ብልቃጥ እንደገና ይቅዱ፤ ቤንዝኑ ወደ አረፋው ይሸሻልና። በረዶ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆይ፣ በ14 ቀን ውስጥ ይመርመር። የነዳጅ ጀሪካን በተጫነበት መኪና አይጓዝ። አንዲት ብልቃጥ ንጹህ የላቦራቶሪ ውሃ ይዛ አብራ ትሂድ፤ እሷም ላይ ነዳጅ ከተገኘ ብክለቱ ከጉዞው ነው።

ከዚያ በፊት ጉድጓዱን በዓይን ይዩት። ፓምፑን አጥፍተው ሌሊቱን ያሳድሩና ጠዋት ግልጽ የመስታወት ዕቃ በገመድ አስረው የውሃውን ገጽ ብቻ እንዲቀዳ ቀስ አድርገው ያውርዱ። ከላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ካለ በእንጨት ይንኩት። ተሰባብሮ እንደ ቅርፊት ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ነው፤ ተመልሶ ከተገናኘ ነዳጅ ነው።

የሚንሳፈፍ ነዳጅ ካለ መጀመሪያ እሱ ተቀድቶ ይወጣል፤ በርግጥ በማደያው ከመሬት በታች ያለው ታንከር ወይም ቱቦ ካልተፈተሸና ፍሳሹ ካልቆመ ልፋቱ ባዶ ነው። የሟሟውን አክቲቬትድ ካርቦን (ብዙ ደቃቅ ቀዳዳ እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ከሰል) ይይዘዋል፤ የምድጃ ከሰል ግን አይተካውም። ውሃው በካርቦኑ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይደረጋል፦ በደቂቃ 10 ሊትር ከቀዱ በርሜሉ 100 ሊትር ካርቦን ይይዛል። ሁለት በርሜል ተከታትለው ይቀመጡ፣ በመካከላቸውም የናሙና ቧንቧ ይኑር። ቤንዝን ከመጀመሪያው በርሜል ማለፍ ሲጀምር ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል። ያለዚያች የመካከል ቧንቧ ካርቦኑ መሙላቱን የምታውቁት ስትጠጡት ነው። ካርቦን ክሎሪንን ስለሚያጠፋ ክሎሪን ከበርሜሎቹ በኋላ ይጨመር።

ጥያቄ፦ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ጥገና ላይ ነኝ። ጠርሙስ የሚነፋው አየር የዘይት ሽታ አለው። 0.01 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ፊልተር አዲስ ገጠምን፣ ሽታው አልጠፋም። የፊልተሩ ጌጅ አረንጓዴ ላይ ነው።

መልስ፦ ያ ፊልተር የሚይዘው የዘይት ጠብታ ነው። ሽታው እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት በየትኛውም የማይክሮን ቀዳዳ ያልፋል። አየሩ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እንፋሎት ይበዛል። ስለዚህ ከኮምፕሬሰሩ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው፣ የውሃ መለያው፣ ማድረቂያው፣ ከዚያ ያ ፊልተር፣ መጨረሻ ላይ የካርቦን ፊልተር ይሁን። ካርቦኑን ከማድረቂያው በፊት ከገጠማችሁት እርጥበቱ ቦታውን ይይዝበታል።

ጌጁ ስለ ካርቦን ምንም አይነግራችሁም። የሚለካው መደፈንን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ሳይደፈን ይሞላል። በሥራ ሰዓት ቆጥራችሁ ቀይሩት፤ አየሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ አምራቹ ከጻፈው ቀድማችሁ። በአይኤስኦ 8573-1 (የታመቀ አየር ንጽሕና ዓለም አቀፍ መስፈርት) አንደኛ ደረጃ አየር በሜትር ኩብ ከ0.01 ሚሊግራም ያልበለጠ ዘይት የያዘ ነው፣ ጠብታውም እንፋሎቱም ተደምሮ። ሲያስለኩ ሁለቱም መለካታቸውን ያረጋግጡ። አየር መሳቢያው ጀነሬተር ወይም የጭነት መኪና ከሚቆምበት አጠገብ ከሆነ «ዘይት አልባ» ኮምፕሬሰርም ያንኑ ጢስ ነው የሚያምቀው።

ጥያቄ፦ ላቫጆ አለኝ። የዘይት መለያ ጉድጓድ አሠራሁ፤ የሚወጣው ውሃ ግን ወተት ይመስላል።

መልስ፦ ኦሞው ነው። ሳሙና ዘይቱን በጣም ደቃቅ አድርጎ ይበትነዋል፤ ተራ መለያ ደግሞ ከ150 ማይክሮን በላይ ላሉ ጠብታዎች የተሠራ ነው። ውሃው ወደ መለያው በፓምፕ የሚገባ ከሆነ ፓምፑ ጠብታውን የባሰ ይሰባብራል፤ በራሱ ቁልቁለት እንዲፈስ ያድርጉት። በጠርሙስ ቀድተው ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡ፤ ካልጠራ ጉድጓዱን ማስፋት ገንዘብ መጣል ነው። 10 ግራም አልም (ውሃ የሚያጠራ ጨው) በ1 ሊትር ውሃ ይሟሟ። በአምስት የ1 ሊትር ዕቃ ቆሻሻውን ውሃ ቀድተው 5፣ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ሚሊሊትር ይጨምሩ። አንድ ደቂቃ በኃይል፣ ሩብ ሰዓት በዝግታ አማስለው ይተዉት። አልም ውሃውን ስለሚያኮመጥጥ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ6 በታች ከወረደ ጥቂት ኖራ ይግባበት። ከሚጠሩት መካከል አነስተኛው መጠን የእርስዎ መጠን ነው። ከታች የሚተኛው ዝቃጭ ዘይት አለበት፤ ወደ ቦይ አይደፋ።