መልስ፦ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ የታደለ የሚሊሻ ጫማ
ሞዴል 22ቱን (የንብረት ወጪ ደረሰኙን) አሁኑኑ ቁረጠው፤ ግን በዛሬ ቀን። ለሚሊሻ የተገዛው ጫማ ደብረ ሲና ላይ በስም ዝርዝርና በፊርማ ብቻ ስለታደለ፣ ኦዲተር ሳይደርስ ምን ላድርግ ላልከው መልሱ ይኸው ነው።

ከመቁረጥህ በፊት የፈረሙትን ሰዎች ቁጥር በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኙ) ከገባው ብዛት ጋር አመሳክር። መጋዘን የቀረውን ቁጠሩና ቃለ ጉባኤ ያዙ። ሞዴል 22 ላይ የዝርዝሩን ቀን ጥቀስ፣ ኮፒውን አያይዝ፣ ያከፋፈለው ባለሙያ በተቀባይነት ይፈርም። ቢን ካርዱንም (የዕቃው ገቢና ወጪ መጋዘን ውስጥ የሚመዘገብበትን ካርድ) መሙላት አትርሳ። ጉድለት ከተገኘ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፤ መሸፋፈን ነገር ያባብሳል።

ቀኑን ወደ ኋላ እንዳትጽፍ! የጥራዙ ተከታታይ ቁጥር ያጋልጥሃል። የሰኔ ቁጥር ላይ የመጋቢት ቀን ያየ ኦዲተር ሌላውንም ጥራዝ ማገላበጥ ይጀምራል። እኛ ወረዳ የሆነው እንደዚያ ነው፤ ለአንድ ወረቀት ተብሎ የዓመቱ ሰነድ ሁሉ ተበረበረ።