ጥሩ አናጢ ለምን ይሸሻል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ የቤት ዕቃ መሸጫ አለኝ። ሥራውን በቁርጥ ዋጋ ለአናጢዎች እሰጣለሁ፤ ቅጥረኞቼ አይደሉም። ጎበዝ ጎበዞቹ ግን የሰርግ ወቅት ሲመጣ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት ላስፈርማቸው?

መልስ፦ የሰዓት ፊርማውን እርሳው ወንድሜ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይመለከትም። አንተ ግን ሰዓቱን ከተቆጣጠርክ፣ ለሌላ እንዳይሠራ ከከለከልክ፣ «ሠራተኛው ነበርኩ» ብሎ ቢከስህ ምን ትመልሳለህ? የዓመት ፈቃዱም የስንብት ክፍያውም ይከተላል።

ይልቅ ክፍያህን እየው። አልጋው ሲሸጥ ነው የምትከፍለው፣ አይደል? (አልጻፍክም፤ ጠርጥሬ ነው።) ሰውዬው ዋንዛውን በኪሱ ገዝቶ፣ ቫርኒሹን በዱቤ አምጥቶ፣ አንተ «ነገ ና» ካልከው ለምን ይቆያል? የጣውላውን ቀብድ ስጠው። ቀሪውን ዕቃው ሱቅህ በገባ ቀን ክፈለው። ልኩን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ቢሰነጠቅ ማን እንደሚጠግን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ እሱ ፊርማ ይጠቅምሃል።

ለጥር ሰርግ ደግሞ ኅዳር ላይ፣ ገና ቡና ሲለቀም፣ እዘዘው። ጥር ላይ ብትደውልለት የሌላ ሰው አልጋ እየላገ ነው የሚያነሳልህ።