በሰው እጅ የተሰበረ ስክሪን ዕዳው የማን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስልኩን ከገዛሽው ገና ሁለት ወሩ ነው። የሥራ ባልደረባሽ "ካሜራው አሪፍ ነው፣ እስቲ ራሴን ላንሳበት" ብሎ ተቀበለሽ። ከእጁ አመለጠውና ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ሻጩ "ዋስትናው መውደቅን አይሸፍንም" አለሽ። ባልደረባሽ ደግሞ "አንዴ ወድቆ የሚሰበር ስልክ ድሮም ደካማ ነው፣ ካምፓኒው ይክፈል" ይላል። አንቺ መሃል ላይ ቀረሽ።

ሞባይል ስጠግን ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የተሰበረ ስክሪን ሲመጣ ጭቅጭቁም አብሮ ይመጣል። ባልና ሚስት፣ ወንድማማቾች፣ ጓደኛሞች ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው "እስቲ አንተ ፍረድ" ብለውኛል። ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። በእኔ እምነት መክፈል ያለበት ባልደረባሽ ነው። ምን ያህል ይክፈል የሚለው ግን ትንሽ ማየት ይፈልጋል።

መጀመሪያ የካምፓኒውን ነገር እንጨርሰው። ዋስትና የሚሰጠው ለፋብሪካ ስህተት ነው። ሻጩ ያለሽ ልክ ነው። የአደጋ ሽፋን ለብቻው የሚገዛ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከኪስ የሚከፈል ድርሻ አለው። ስልኩን ስትገዢ ይህን ሽፋን ጨምረሽ ከሆነ ዛሬውኑ ተጠቀሚበት። ባልደረባሽም ያቺን ድርሻ ብቻ ይክፈልሽ።

"ደካማ ነው" የሚለው ክርክር ግን ቶሎ የሚታለፍ አይደለም። ሰው የስክሪኑ መስታወት "ጎሪላ ግላስ" ነው ሲባል የማይሰበር ይመስለዋል። መስታወት እኮ ነው። እንዲጠነክር 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ የቀለጠ ጨው ውስጥ ይነከራል። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የሶዲየም ቅንጣቶች (አየኖች) ይወጡና በቦታቸው ተለቅ ያሉ የፖታሲየም አየኖች ይገባሉ። ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ አራት ሰው ሲቀመጥ እንደሚሆነው ነው፤ የመስታወቱ ገጽ ይጨናነቅና ይጠብቃል። ስንጥቅ ለመጀመር መጀመሪያ ይህን መጨናነቅ ማሸነፍ አለበት። ገጹ ላይ ጠለቅ ያለ ጭረት ካለ ግን ጥበቃው እዚያች ቦታ ላይ ተበስቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ስልኩን ከቁልፍ ይጠብቃል። ይበልጥ መፍራት ያለበት አሸዋን ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ከስልክ መስታወት ይጠነክራል። ኪስ ውስጥ የቀረች አንዲት ቅንጣት ዛሬ ትጭረዋለች፤ ከወር በኋላ ስልኩ ሲወድቅ ስንጥቁ ከዚያች ጭረት ይነሳል።

አወዳደቁም አለ። ከአንድ ሜትር ያመለጠ ስልክ መሬት ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅበትም። ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ገደማ ነው። በጀርባው ዝርግ ብሎ ካረፈ ምቱ ይበተናል። በማዕዘኑ ኮንክሪት ላይ ካረፈ ግን ያ ሁሉ ኃይል በአንዲት ነጥብ ይገባል። አንድ ዓይነት ሁለት ስልኮች፣ አንዱ አሥር ጊዜ ወድቆ ሲተርፍ ሌላው በመጀመሪያው የሚያልቅለት ለዚህ ነው። "የወታደር ፈተና ያለፈ" የሚለው ማስታወቂያም አያታልልሽ። ሚል-ስታንዳርድ-810 በሚባለው የአሜሪካ ጦር የዕቃ ፈተና ስልክ ከ1.22 ሜትር 26 ጊዜ ይጣላል፤ በስድስቱ ገጽ፣ በአሥራ ሁለቱ ጠርዝና በስምንቱ ማዕዘን። የሚወድቀው ግን ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ ወፍራም ፕላይውድ ላይ ነው። ደግሞም 26ቱን መውደቅ እስከ አምስት ስልክ ድረስ ማከፋፈል ይፈቀዳል። አይፒ68 የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ስለ አቧራና ስለ ውሃ እንጂ ስለ መውደቅ ምንም አይልም።

ይህን የምልሽ ካምፓኒዎቹን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ፊቱንም ጀርባውንም መስታወት ያደረጉት እነሱ ናቸው። የላይኛውን ግላስ፣ የጣት ንክኪ የሚቀበለውን ክፍል ("ታች" የምንለውን) እና ምስል የሚያሳየውን ዲስፕሌይ በሙጫ አንድ ላይ ያጣበቁትም እነሱ ናቸው። በዚህ የተነሳ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ሙሉ ዲስፕሌይ ታስቀይራለች። ይሄ ሁልጊዜ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በሌላ መንገድ መሥራት ይቻላል። ፌርፎን የሚባለውን ስልክ ስክሪን ባለቤቱ ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ በብሎን መፍቻ ይቀይረዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እንደ ፈረንጆቹ ከሰኔ 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥቶባቸዋል። የማይታጠፍ ስማርት ስልክ ያለ ከቨርና ያለ ፕሮቴክተር 45 ጊዜ ወድቆ መሥራቱን መቀጠል አለበት። መለዋወጫውም ስልኩ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት መገኘት አለበት። ደስ ብሎኛል፤ ዘግይቷል እንጂ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሕግ ለአንቺ ስልክ ስክሪን አይከፍልልሽም።

ካምፓኒው የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ስልኩን መብራት ሥር አዘንብለሽ እዪው። የወደቀ ስልክ የምት ነጥብ አለው። ከአንድ ቦታ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል፤ ነጥቡ ላይ መስታወቱ ደቅቆ ዱቄት ይሆናል፤ አጠገቡ ያለው ፍሬም ብዙ ጊዜ ይጎደጉዳል ወይም ይላጣል። የምት ነጥብ ከሌለ፣ ስንጥቁ ከጠርዝ ተነስቶ ወደ ውስጥ ከሮጠ፣ ወይም ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ወደ ላይ እየገፋው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ የትም ሳታስከፍቺው ወደ ሻጩ ውሰጂው። የአንቺ ግን ሲወድቅ በዓይንሽ አይተሻል።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ልምጣ። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ስልኩ ሰውዬው እጅ የገባው ለማን ጉዳይ ነው? አንቺ "እባክህ ፎቶ አንሳኝ" ብለሽው ሲያነሳሽ ቢያመልጠው ኖሮ፣ ወጪው በአመዛኙ የአንቺ ነው እልሽ ነበር። ውለታ የዋለ ሰው ስለ ውለታው ዕዳ ሊገባ አይገባም። እሱ ግን ለራሱ ጉዳይ ነው የወሰደው። ለራሱ የወሰደ ሰው እንደወሰደው አድርጎ መመለስ አለበት። ሆን ብሎ አለመሆኑ ይቅርታ ያስገኝለታል እንጂ ስክሪኑን አያድንም። ሕፃን ልጅ ከሰበረው ወላጅ ነው የሚከፍለው፤ በዚያ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን አንቺም ስልክሽን መርምሪ። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች እየተጨቃጨቁ መጡ። ታናሽ የታላቁን ስልክ ጥሎበታል። ከቨሩን ሳወልቀው ጠርዙ ላይ ሌላ ስንጥቅ አገኘሁ። አዲሱ ስንጥቅ ንጹሕ ነበር፤ እንደ ውሃ ያበራል። ጠርዙ ላይ ያለው ግን ጥቁር መስመር ሆኗል። ወራት የፈጀ የእጅ ላብና አቧራ ገብቶበታል። ሌንሱን ለታላቁ ሰጠሁትና ራሱ አየው። ብዙ ቆየ። "ይሄ የእኔ ነው" አለ በመጨረሻ። ግማሽ በግማሽ ከፍለው ሄዱ። የአንቺ ሁለት ወሩ ስለሆነ ይህ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ባልደረባሽ ባለበት ከቨሩን አውልቂው፤ እምነት ይፈጥራል።

ስንት ይክፈል ለሚለው፣ ስልኩን ወደነበረበት የሚመልሰውን ያህል። ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። ሥራ ስጀምር የጓደኛዬን ስልክ ጥዬ ሰበርኩ። ቀይሬ ሰጠሁትና ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ። ያስገባሁለት ኦርጅናል አልነበረም። ስልኩ ኦሌድ፣ ማለትም ነጥቦቹ ራሳቸው የሚያበሩ ዲስፕሌይ ነበረው፤ እኔ ከኋላው መብራት የሚፈልገውን ኤልሲዲ ነው የገጠምኩለት። በሳምንቱ መጥቶ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖብኛል አለኝ። ከስክሪኑ ሥር ያለው የጣት አሻራም መሥራት አቁሟል። እንደገና በኦርጅናል ቀየርኩለት። ስለዚህ ስትስማሙ "ስክሪን ይቀየራል" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ምን ዓይነት ስክሪን እንደሚገባ በግልጽ ተነጋገሩ።

ምስሉ ካልተበላሸና ታቹ በትክክል ከሠራ ግላስ ብቻ መቀየር ይቻል ይሆናል። በጣም ይረክሳል። ሥራው ግን ስስ ነው። ዲስፕሌዩ ይሞቃል፣ ግላሱ በቀጭን ሽቦ ይላቀቃል፣ አዲሱ ያለ አየር አረፋ ይለጠፋል። በመሃል ዲስፕሌዩ ሊሞት ይችላል። ቢሞት ማን እንደሚከፍል ሳትስማሙ ለባለሙያ አትስጡት፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዴ የተከፈተ ስልክም ውሃ መከላከያው እንደ ድሮው ነው ብለሽ አትመኚ።

ስልኩ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር። ያኔ ኦርጅናል ስክሪን ከስልኩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሰውን አሮጌ ስልክ ከሚያወጣው በላይ ማስከፈል ግፍ ነው። የሁለት ወር ስልክ ላይ ግን ቅናሽ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ባልደረባሽ አንዴ መክፈል ካቃተው በሁለት ወይም በሦስት ደሞዝ ይክፈልሽ። ጥገናው ቦታ አብራችሁ ሂዱ፤ ዋጋውን ራሱ ከባለሙያው አፍ ይስማ።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ስንጥቁ ላይ ሰፊ ግልጽ ፕላስተር ለጥፊበት፣ ጣትሽን እንዳይቆርጥሽ። ከዚያ ፎቶሽን፣ ስልክ ቁጥሮችሽንና መልእክቶችሽን ሌላ ቦታ ገልብጪ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ካየሽ ነገ አትበዪ። እየሰፋ ይሄዳል፤ ታቹ እንቢ ካለ የይለፍ ቁጥርሽን እንኳ ማስገባት አትችዪም።