ጥያቄና መልስ፦ አሮጌዋ ሴሊካ ወይስ አዲሷ ቶዮታ 86?

አንድ የደብረ ማርቆስ ወጣት ሁለት የስፖርት መኪኖች አይቶ ልቡ ተከፍሏል። አንደኛዋ በፈረንጆቹ 2001 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ ሁለተኛዋ የ2013 ቶዮታ 86፣ ዋጋዋም የሴሊካዋ እጥፍ ነው። የእሱን ጥያቄ ያዩ ሌሎችም ተከትለው ጠየቁ። ዕድሜዬን ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና የማውቀውን እመልሳለሁ። የምሸጠው መኪና የለኝም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ገንዘቡ አለኝ። ታዲያ አዲሷን ብገዛ አይሻልም?

ገንዘቡ ካለህ የቀረው ጥያቄ ስትታመም ማን ያክማታል የሚለው ነው። 86 ቶዮታ ትባል እንጂ ሞተሯ የሱባሩ ነው። ፒስቶኖቹ ግራና ቀኝ ተጋድመው የሚሠሩ በመሆናቸው ሻማ ለመቀየር እንኳ እጅ ማስገቢያ የለም። ባለ 1.8 ሊትሯ ሴሊካ የያዘችው ግን በዚያው ዘመን ኮሮላ ላይ የተገጠመውን ሞተር ነው፤ ማርቆስ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው መካኒክ አታጣም። እኔ ብሆን አሮጌዋን እገዛለሁ፣ አንድ ፈተና ካለፈች።

የዚህ ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ምርት ዘይት ይበላል። ፒስቶኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ በጥላሸት ይደፈናሉ፣ ፒስቶኑን ከቦ ዘይቱን የሚጠርገው ቀለበት፣ የዘይት ፋሻውም፣ ይጣበቃል። ስለዚህ በማለዳ ሂድና መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስ። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞህ አስነስቷታል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ከቀዘቀዘ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ እይ፣ አስነሳትና አሥር ደቂቃ ሳትረግጥ ተዋት። ከዚያ አንዴ ጠበቅ አድርገህ ስትረግጥ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የሞተር እድሳት ዋጋውን ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንስ። ሻጩ እንቢ ካለ ደህና ዋል በለው።

ከደጀን፦ የዓባይን በረሃ የትኛዋ ትወጣዋለች?

ሁለቱም ይወጡታል። ግን በወረቀት ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት ሙሉ ሆኖ ጎጃም አይደርስም። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ሁለቱም መኪኖች ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ ቱርቦ የላቸውም። የ86 ሁለት መቶ ፈረስ ጉልበት ወደ 150፣ የሴሊካዋ 140 ወደ 105 ይወርዳል። እጥፍ የምትከፍልበት ልዩነት 60 መስሎህ 45 ሆኖ ይጠብቅሃል። ሴሊካዋ ደግሞ መቶ ኪሎ ያህል ትቀላለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። የፍሬን ዘይት በዓመታት ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ሸራው ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና የረገጥከው ፔዳል እንደ ስፖንጅ ይሆናል። አንድ ጊዜ የደንበኛ መኪና ይዤ ስወርድ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ነበር የመጣው፣ እኔ ግን የፊቴ የጭነት መኪና መስሎኝ ናቅሁት። በሁለተኛ ማርሽ ይዤ ከተራራው ጥግ ጋር እያሻሸሁ ነው ያቆምኳት፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። የትኛዋንም ብትገዙ በመጀመሪያው ሳምንት የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ።

ከባሕር ዳር፦ ዝቅ ማለታቸውስ?

13 ወይም 14 ሴንቲ ሜትር ነው ከመሬት ያላቸው ክፍተት። የከተማው የፍጥነት መግቻ በሰያፍ ይታለፋል። በረሃው ውስጥ ግን መሬቱ ስለሚንሸራተትና ከባድ መኪና ስለሚበዛ አስፋልቱ እንደ እርሻ ትልም ጎድጉዷል፤ የመኪናዋ ሆድ የሚፋቀው መሐሉ ላይ ባለው ጉብታ ነው። ጎማችሁን ጉብታው ላይ አስኪዱ።

ከፍኖተ ሰላም፦ አያ፣ እኔ ያየኋት ሴሊካ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ ነው ይላሉ። በምን አውቃለሁ?

እህቴ፣ ውኃ መስተዋቱ ላይ ረጪና መጥረጊያውን ክፈቺ። ለቀኝ መሪ የተሠራ መጥረጊያ ከሹፌሯ በኩል ባለው የግራ ጥግ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሳይጠርግ ይተዋል። ክረምት ላይ ከዚያ ጥግ ነው በግ ዘሎ የሚገባው። ማታ ደግሞ ከግድግዳ ፊት አቁመሽ መብራቱን አብሪ። ብርሃኑ በግራ በኩል ከፍ ካለ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ታሳውሪያለሽ። እነዚህ ይስተካከላሉ። በዳሽቦርዱ ሥር ላሜራው ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ ግን በነፃም አልወስዳትም።

ከቡሬ፦ የእኛ ቤንዚን ለ86 ይስማማል?

ሞተሯ አየሩን 12.5 ለ 1 አምቆ የሚያነድ ስለሆነ የተሠራችው ለከፍተኛ ኦክቴን፣ ማለትም ሲታመቅ ያለ ጊዜው ለማይነድ ቤንዚን ነው። ከፍታችን ትንሽ ይረዳታል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ነዶ ሞተሩን የማንኳኳቱ አደጋ ይቀንሳል። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ግን አታቅምሳት።

ከዳንግላ፦ ከውጭ ባስመጣስ?

ያ በር ተዘግቷል። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀን መኪና ታክስ አከበደው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ከለከለ። የምትመርጠው አገር ውስጥ ካሉት ነው። አዲሶቹ ዋጋቸው አልወርድ ያለውም ለዚህ ነው።

ከሞጣ፦ ልጄ እንዲህ ያለ መኪና ሊገዛ ነው። እኔ የምፈልገው በሰላም እንዲገባ ብቻ ነው።

እንደ አባት ከጠየቁኝ አዲሷ ትበልጣለች። መኪናዋ ልትንሸራተት ስትል የየጎማውን ፍሬን ለየብቻ የሚይዝ መቆጣጠሪያ አላት፤ ብዙዎቹ ሴሊካዎች የላቸውም። 86 ግን በኋላ ጎማ የምትገፋ ናት። ልጅዎ መቆጣጠሪያውን አጥፍቶ በሐምሌ ጭቃ ልፈትናት ካለ ቁልፉን ይቀሙት። ጎማውንም አብረው ይዩለት፤ ጎኑ ላይ ከታተሙት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋላዎቹ የፈረንጅ ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 የሚል ካዩ የ2014 ጎማ ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም ይጣል።

ከደብረ ማርቆስ፣ በድጋሚ፦ ጋሼ፣ ዛሬ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄድኩ። ኮፈኑን ስዳስሰው ለብ ብሏል። ሻጩ «ፀሐይ ነው» አለኝ።

በአሥራ ሁለት ተኩል ማርቆስ ላይ የትኛው ፀሐይ ነው ኮፈን የሚያሞቀው? ነገም ሂድ፤ እንደምትመጣ ግን አትደውልለት።