የማይታየው ጽሑፍ ለምን ታየ?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ በሎሚ ጭማቂ ጽፎ በሻማ ሊያወጣው ሞከረ። ጽሑፉ ገና ሳይሞቅ ወረቀቱ ተጨማዶ ያስታውቃል፤ ሻማው ላይ ሲያደርገው ደግሞ መሀሉ ጠቁሮ ተበሳ። ምኑ ላይ ተሳሳትን? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሻማውን ይተዉት። በሎሚ የተጻፈ የሚወጣው ጭማቂው ያረፈበት ቦታ ከቀረው ወረቀት ቀድሞ ስለሚጠቁር ነው። ሲትሪክ አሲዱ የወረቀቱን ቃጫ ያዳክመዋል፤ በጭማቂው ውስጥ ያለው ስኳርም በሙቀት ቡናማ ይሆናል። ንጹሑ ወረቀት እዚያ ለመድረስ ትንሽ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። ጨዋታው ያለው በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ነው፤ የሻማ ነበልባል ግን አንዲት ነጥብ ላይ አርፎ ልዩነቷን ዘሎ ያልፋታል።

ካውያ ይሻላል። ውሃውን ደፍተው (እንፋሎት ጽሑፉን ያሰራጨዋል) ለጥጥ ልብስ በሚሆነው ሙቀት ያግሉት። ወረቀቱን አሮጌ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫኑ፣ ያንሱ፣ ይዩ፣ ይድገሙ። መጀመሪያ የገረጣ ቢጫ ይመጣል፤ ቡናማ እስኪሆን 1 ወይም 2 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ካውያውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። «አምፖል ላይ አሙቁት» የሚል ምክር ካነበቡ እሱ የባለ ክሩ አምፖል ዘመን ምክር ነው፤ ዛሬ ቤት ያለው ቆጣቢ አምፖል ለዚህ የሚሆን ሙቀት የለውም።

መጨማደዱ ከጭማቂው ብዛት ነው። ቃጫዎቹ ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁም በትክክል ወደ ቦታቸው አይመለሱም፤ ወረቀቱን ወደ መስኮት ዘንበል አድርጎ ያየ ሰው ፊደሉን ይለየዋል። የደብተር ወረቀት ስስ ስለሆነ ይብስበታል፤ የፎቶኮፒ ወረቀት ይጠቀሙ። የ1 ሎሚ ጭማቂ በሻይ ማጥለያ ያጥልሉ፣ ውሃ አይጨምሩበት። ልጁ በስቴኪኒ ጫፍ እየነከረ፣ ጠብታውን በብርጭቆው ጠርዝ እያራገፈ ይጻፍ። ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ ይድረቅና ከባድ መጽሐፍ ሥር ይደር። ከሁሉ የሚሻለው መደበቂያ ግን ሌላ ደብዳቤ ነው፦ አስቀድሞ በተራ እስክሪብቶ «አክስቴ፣ እንደምን አለሽ» ይጻፍና ሎሚው በመስመሮቹ መሀል ይግባ። ጄል እስክሪብቶ አይሆንም፣ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ሎሚ ከሌለ ኮምጣጤ ወይም ወተት ይሆናል?

መልስ፦ ወተት ይሆናል፤ ፕሮቲኑና ስኳሩ በሙቀት ይጠቁራሉ። ቅባቱ ከበዛ ግን ወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ምልክት ይተዋል። ኮምጣጤ ደካማ ነው፤ አሲዱ ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚተን ብዙም የሚቀር ነገር የለም።

ጥያቄ፦ 45 የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ካውያም መብራትም የለም። ያለ ሙቀት የሚሆን መላ አለ? (መምህር)

መልስ፦ እርድ አለልዎት። አልጫ የነካውን ነጭ ልብስ በሳሙና ያጠበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲነካው ድንገት ይቀላል። ኩርኩሚን የተባለው የእርድ ቀለም ቤዝ (እንደ ሳሙናና ሶዳ ያለ የአሲድ ተቃራኒ) ሲያገኝ ከቢጫ ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል። ስለዚህ ልጆቹ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ይጽፋሉ፣ እርዱ ያወጣዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። ሶዳና ውሃ እኩል በእኩል ይደባለቅ የሚል አሠራር ተለምዷል፤ ነገር ግን 100 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 10 ግራም ያህል ሶዳ ብቻ ነው። የተረፈው ነጭ ዱቄት ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ምሥጢሩም በዓይን ይነበባል። በ1 የቡና ስኒ ውሃ (60 ሚሊ ሊትር ያህል) 1 ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል፤ ለ45 ልጅ 3 ስኒ ያዘጋጁ። ሱቅ ሲሄዱ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ይዘው እንዳይመለሱ። ፓውደሩ ውስጥ ደረቅ አሲድ አለ፤ ውሃ ሲነካው ከሶዳው ጋር ይጠፋፋል፣ እርዱም የሚቀላበት ምክንያት ያጣል።

ማውጫው 2 የሾርባ ማንኪያ የፋርማሲ አልኮል (70 ከመቶ) እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ እርድ ነው፤ ከቅመም ጋር የተደባለቀ አይሁን። በውሃ አይሞክሩት፤ ኩርኩሚን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ ውሃውም የተጻፈውን ያሰራጨዋል። 5 ደቂቃ ሲቆይ ዝቃጩ ይወርዳል፤ ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ቢጫ በጥጥ ነክረው፣ በደንብ በደረቀው ወረቀት ላይ አንዴ ብቻ ያሳልፉት። ደጋግሞ ማሸት ፊደሉን ያበላሻል። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ጠርሙሱ እርስዎ ዘንድ ይሁን፣ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አጠገብ አይኑር። የደንብ ልብሳቸውም ይታሰብበት፤ እርድ ቶሎ አይለቅም።

መጨረሻ ላይ በቀላው ፊደል ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ያድርጉበት። ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፣ ምናልባትም ጥቃቅን አረፋ ያወጣል። አሲድና ቤዝን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከማስረዳት ይህች ጠብታ ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ ሰላዮች በእርግጥ በሎሚ ይጽፉ ነበር?

መልስ፦ አዎ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ሲሰልል እንግሊዝ አገር የተያዘው ካርል ሙለር በሎሚ ጭማቂ ይጽፍ ነበር፤ ሎሚውም ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። ሰኔ 1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1915) በለንደን ታወር ተረሸነ። ሎሚን ለማውጣት ማሞቅ በቂ ነው፤ በሌላ ፈሳሽ ለተጻፈ ደብዳቤ መርማሪዎች የአዮዲን ትነት ይጠቀሙ ነበር። ትነቱ ይበልጥ የሚይዘው ቃጫው በእርጥበት በተነካበት መስመር ላይ ነው፣ የተጻፈው በንጹሕ ውሃ እንኳ ቢሆን። የአዳማዋ እናት ወረቀት ላይ ያስታወቀው ያው የቃጫ መነካት ነው።