ልጅሽ ስካውት ሊገባ ነው? የሚጠብቀውን ልንገርሽ

እህቴ፣ «የ11 ዓመት ልጄ ስካውት ካልገባሁ ብሎ አስቸግሮኛል፣ እዚያ ምንድነው የሚሠሩት?» ላልሽው፣ እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ሁለቱም ልጆቼ ገብተውበታል፣ እኔም በፈቃደኝነት አግዛለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

የመጀመሪያ ቀን ስትሄጂ ትርምስ ነው የሚመስልሽ። ስብሰባውን የሚመራው አንድ የ15 ወይ የ16 ዓመት ጎረምሳ ነው። አንዱ ያወራል፣ አንዱ ገመድ ይጎትታል፣ አዋቂዎቹ ቡናቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል። «ኧረ የሚቆጣጠራቸው ሰው የለም?» ትያለሽ። አለ፣ ግን አሠራሩ እንደዚያ ነው። ልጆቹ ፓትሮል በሚባል ትንሽ ቡድን ይከፈላሉ፣ መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ሲሳሳቱም ራሳቸው ያስተካክላሉ። የስካውት መሥራቹ ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያደርግም ልጆቹን እንዲሁ ከፋፍሎ ነበር። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ተናደሽ እንዳታስወጪው።

ካምፕ ዓርብ ማታ ተወጥቶ እሁድ ነው የሚመለሱት፣ ቅዳሴ ያመልጣል፣ ይህን ከወዲሁ እወቂው። ምግቡን ፓትሮሉ ራሱ ያቅዳል፣ ይገዛል፣ ያበስላል። ለኛ ልጆች ጉድ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው፣ ማጀት ገብተው አያውቁማ! ትልቁ ልጄ መጀመሪያ ካምፕ ሲሄድ ፓንኬክ የመጋገር ተራ ደረሰው። ውጭው ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ። ጓደኞቹ ማር አፍስሰውበት በሉት። ማንም አልተቆጣውም፣ ለሚቀጥለው እሳቱን ቀነስ አደረገ፣ አለቀ። አሁን እቤት እንቁላል ይጠብሳል፣ መጥበሻ ማጠቡ ላይ ገና እየተደራደርን ነው።

ጾም ካለ ወይ አሳማ የማይበላ ከሆነ ደግሞ ልጁ ራሱ ለፓትሮሉ ይንገር፣ ያውም ዝርዝሩ ሳይወጣ። ቤከኑ ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ዳቦ ብቻ ሲበላ ነው የሚከርመው።

ቢላና መጥረቢያ እንዲሁ አይሰጡትም። አያያዙን ተምሮ ቶቲን ቺፕ የሚባል ካርድ ማግኘት አለበት፣ በብዙ ቦታ ካጠፋ የካርዱን አንድ ጥግ ይቆርጡበታል። አራቱም ጥግ ካለቀ እንደገና ከሀ ይጀምራል። የዋና ፈተናም አለ፣ 100 ያርድ ነው። አለመቻል አያስባርርም፣ ጥልቅ ውሃ ብቻ አይገባም።

አሁን እናት የምትጨነቅበት ነገር። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሁሌም ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎች ይኖራሉ፣ አንድ አዋቂ ከልጅሽ ጋር ለብቻው አይሆንም፣ በቴክስትም ቢሆን። ይህን ደንብ «ግድ የለም» የሚል ትሩፕ (ፓትሮሎቹ ተሰባስበው የሚፈጥሩት የአካባቢ ቡድን) ካጋጠመሽ ሳትከራከሪ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀው ኢግል ስካውት፣ ማለትም ከፍተኛው የስካውት ማዕረግ፣ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው 21 ባጅ (አንድ ሙያ ተምሮ ሲጨርስ የሚሰጠው ምልክት) እና አንድ የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ይፈልጋል። ለኮሌጅ ማመልከቻ ብለሽ ከጀመርሽው ግን ልጁ ከመንገድ ይሰለችሻል፣ ስንቱን አይቻለሁ። ሴት ልጅም ካለሽ፣ ሴቶችም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ይገባሉ።

ሁለት ሦስት ትሩፕ ሄደሽ እዪ፣ መሪዎቹን ሳይሆን ልጆቹን «ባለፈው ካምፕ ምን አደረጋችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ዩኒፎርም ለመግዛት አትቸኩዪ፣ ያገለገለ ሸሚዝ የሚያስቀምጡ አሉ። የጤና ፎርሙን ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ የሰመሩን ረጅም ካምፕ ያለ ሐኪም ፊርማ አይወስዱትም።